ሽማግሌ በተሰሎንቄ

ሰኞ፣ ግንቦት 5 ቀን 2005 ዓ.ም.

ዛሬም ዳቦውን ሳይቆርጥ ሰጠኝ! ይኸው ሦስተኛ ቀኑ። ባለ ዳቦ ቤቱ በእጁ የመጋዝ ምልክት እያሳየ በማሽን ይቆረጥልህ ወይ ይለኛል፤ እኔም ቅንድቤን አንስቼ አዎ እለዋለሁ፤ እሱ ግን ሙሉውን በወረቀት ጠቅልሎ ያቀብለኛል። የማትቆርጥ ከሆነ ምን አስጠየቀህ? ለትርንጎ ልነግራት አሰብኩና ተውኩት። አባቴ ከመጣ ገና አራት ቀኑ ነው፣ ሰው ማማት ጀመረ እንዳትል።

ቴፒ የቡና ችግኝ ጣቢያ ኃላፊ ሆኜ ሰላሳ ዓመት ስሠራ የዕለቱን ሳልጽፍ አድሬ አላውቅም። የትኛው መደብ ታረመ፣ የትኛው ጠወለገ፣ ማን ቀረ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚጻፍ ጠፍቶ ነበር። አሁን ተገኘ።

ያለሁት ተሰሎንቄ ነው። አዎ፣ ሐዋርያው መልእክት የጻፈላት ተሰሎንቄ፣ ግሪክ አገር። ከተማዋ ታች ባሕሩ ዳር ተዘርግታለች፤ እኛ ከበላይዋ ኮረብታው ላይ፣ ፓኖራማ በሚባል የመኖሪያ ሰፈር ነን። ጸጥ ያለ ሰፈር ነው ብላኝ ነበር ትርንጎ በስልክ። ጸጥታ እንዲህ መሆኑን መቼ አውቄ! ቤቱ ሁሉ አጥርና ጽጌረዳ ነው፣ ሰው የለበትም። መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤ ዛሬ አንዲት ሴት ውሻዋን ወደ ራሷ ስባ አለፈችኝ። እኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት እንኳ ከዚህ ይሻላል፣ ቢያንስ ሰው ይሳሳማል።

ልጄ ትርንጎ እዚህ ወይዘሮ እሌኒን ስትንከባከብ ዘጠኝ ዓመቷ። ወይዘሮ እሌኒ ግሪክ ናቸው፣ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው፤ ስማቸው የኛ ስም ስለሆነ ወይዘሮ አልኳቸው። በከዘራ ትንሽ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ብዙ ይንቀሳቀሳሉ። የእንግዳ ክፍላቸውን ለቀውልኛል፣ ዕድሜ ይስጣቸው።

የመጣሁበት ጉዳይ አንድ ነው። ስታቭሮስ የሚባል የዚህ አገር ሰው ልጄን ላግባ ይላል። ባለፈው ዓመት በስልክ ስትነግረኝ፣ ሽማግሌ ያልላከ ሰው አላውቅም ብዬ ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። እሷም በሳምንቱ ደውላ “እሺ አባባ፣ አንተ ካልመረቅከኝ አላገባም” አለችኝ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ስለሱ አንድም ቀን አላነሳችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ እናቷ የለች፣ እኔ ነኝ ያለኋት። በኋላ ቲኬት ቆርጣ ና እየው አለችኝ። የሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ ተመላሽ ነኝ። ሳልፈቅድ ወይም ሳልከለክል አልሄድም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6

ወይዘሮ እሌኒ ስልክ ይዘው “ነይ፣ ነይ፣ ነይ” ይላሉ። ማንን ነው የሚጠሩት ብዬ በር በሩን አየሁ። ማንም የለም። ጥቂት ቆይተው ደግሞ “ነይ፣ ነይ”። ትርንጎ ሳቋ ገንፍሎ ሳህን ልትጥል ነበር። አዎ ማለት ነው አለችኝ፤ በእነሱ ቋንቋ አዎ “ኔ” ነው። ለእኔ ጆሮ ግን ነይ ነው፣ ያውም ለሴት። አሁን ስልክ ሲነሳ ትርንጎን “ሂጂ፣ እየተጠራሽ ነው” እላታለሁ። ትስቃለች። ሳቋን ስሰማ ደስ ይለኛል፣ ከልጅነቷ አልተለወጠም።

ግን እነዚህ ሰዎች ይጠይቃሉ እንጂ አይሰጡም። ወይዘሮ እሌኒ ምሳ ላይ ይጨመርልህ ወይ ብለው ጭልፋውን አሳዩኝ፤ ቅንድቤን አንስቼ አዎ አልኩ፤ ድስቱን ከደኑት። አሥር ሰዓት ላይ ቡና ብለው ጀበና መሳይ ትንሽ ብረት አነሱ፤ እህ አልኩ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ፣ እንደ ወጉ። ደንግጠው አዩኝና ብረቱን ቦታው መልሰው ውኃ ሰጡኝ። ቡና አገር ተወልጄ ቡና አምሮኝ ውኃ ጠጥቼ ተኛሁ።

ዛሬ የሠራሁት፦ የወይዘሮዋን ጽጌረዳ ኮተኮትኩ። የሠራሁት ስህተት፦ የኮተኮትኩት በዝምታ ሰዓት ነው። ለካ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ተኩል እዚህ ሰፈር ዶማ አይነሳም። ጎረቤት ያሉት ጡረተኛ የመርከብ ካፒቴን በፒጃማ ወጥተው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። እኔም ዶማውን አስተኛሁት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 7

አየሁት።

ስታቭሮስ ከሰፈሩ በታች፣ መንገዱ በሚያልቅበት፣ ችግኝ ይሸጣል። ችግኝ! ይህን ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ ስልኩን መቼ አስጨረስከኝ አለችኝ። እውነቷን ነው።

ረዥም ነው፣ ጸጉሩ መሸሽ ጀምሯል፣ እጁ ሻካራ ነው። እጁን ወደድኩት። ስሙ መስቀል ማለት ነው አለችኝ። በሆዴ መስቀሌ አልኩት። አባትና እናት የለውም፣ ያሳደገው አጎቱ ያኒስ ነው፤ እሱም እዚያው አለ፣ ሽበታም፣ ወፍራም፣ ዝምተኛ።

የመጣሁት ልፈትነው ነበርና ፈተንኩት። ብዙ ችግኝ አፍልቻለሁ፣ ብዙ ሠራተኛም ቀጥሬያለሁ፤ ሰውን የምለየው ችግኝ ሲያነሳ ነው። ግንዱን ይዞ የሚያንጠለጥል አለ፣ እሱን ማታውኑ አሰናብተው ነበር። መስቀሌን ወደ አንዲት የሎሚ ችግኝ ጠቆምኩት፣ አምጣት አልኩ በእጄ። በርከክ ብሎ ከሥር፣ ከአፈሩ፣ በሁለት እጁ ደግፎ አነሳት። ሌላ አልጠየቅኩም።

ጥግ ላይ አንድ የቡና ችግኝ በማሰሮ አለ። ትርንጎ ከአራት ዓመት በፊት አገር ቤት ደርሳ ስትመለስ ይዛ ከመጣችው ፍሬ ያበቀለላት ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። ፀሐይ ላይ አቁመውታል እኮ! ቡና ጥላ ይፈልጋል ልል፣ ትርንጎ ራቅ ብላ ነበርና ቃል ጠፋኝ፤ ባርኔጣዬን አውልቄ ቅጠሉ ላይ ጣልኩት። መስቀሌ ገባው። ሁለታችን ተሸክመን ከትልቁ የሎሚ ዛፍ ሥር አስገባነው። ያኒስ አጨበጨበ።

ስንመለስ ትርንጎ “እንዴት አየኸው?” አለችኝ። ልቤ ደስ ብሎት ነበር፣ አፌ ግን አፌ ነውና “ሽማግሌ ይላክ” አልኳት። ፈገግ አለች። ነገ አሥር ሰዓት ይመጣሉ፣ ሦስት ሆነው፣ እኔ ነግሬያቸዋለሁ አለች። አንቺ ከቤት ትወጫለሽ አልኳት። “ታዲያ ማን ያስተረጉምልሃል?” ሽማግሌ ፊት ልጅቱ ቁጭ ብላ ስታስተረጉም የት አየሽ? እንዲህ ያለ ብልግና በቤቴ አልሰማም አልኩ፤ ቤቱ የኔ እንዳልሆነ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 8

መጡ። እንዲህ ሲያደርጉ ማን ይጠብቃል! ያኒስ፣ ካፒቴኑና፣ አምላኬ፣ ባለ ዳቦ ቤቱ። ሦስቱም ከራቫት አስረዋል። መስቀሌ መኪና ውስጥ ቀረ፣ ትርንጎ እንዳስተማረችው። እሷ ወይዘሮ እሌኒን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች።

ቁጭ በሉ ብላቸው አልቀመጥ አሉ። ያኒስ ከደረት ኪሱ ወረቀት አወጣ። መነጽሩን አደረገ። እና በአማርኛ፣ በራሳቸው ፊደል ተጽፎለት ኖሮ፣ እያንዳንዷን እንደ ድንጋይ እየፈነቀለ፦ “ልጅዎን… ትርንጎን… ለልጃችን… ይስጡን ብለን… ደጅዎ… ቆመናል።” ላብ አጠመቀው። ካፒቴኑ ጎንበስ አሉ። ባለ ዳቦ ቤቱ የኬክ ካርቶን ይዞ ጎንበስ አለ።

እንባዬ መጣ። ምን ይደበቃል፣ መጣ። እናቷ ይህን ብታይ ብዬ።

ወጉ እንኳን ዛሬ ተመካክረን እናሳውቃችኋለን፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ማለት ነው። ከማን ጋር ልመካከር? ከጽጌረዳው? ማክሰኞ እሄዳለሁ። ይህን ያህል የለፋ ሰው ደጅ አይጠናም ብዬ እዚያው ወሰንኩ። ቃል ስለሌለኝ ቅንድቤን እስከ ግንባሬ አንስቼ፣ ትንፋሼን ስቤ፣ እህ አልኩ። ያኒስ ያልገባው መስሎ ወረቀቱን ደግሞ አነበበ። እኔም ደገምኩ፣ አሁን ጭንቅላቴን ጭምር ወደ ላይ ብድግ አድርጌ። እሰጣለሁ! በደስታ!

ያኒስ ወረቀቱን አጣጥፎ አማተበ። ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አኖሩ፣ እጄን ጨብጠው ወጡ። እልልታ የለ፣ መሳሳም የለ። ጸጥተኛ ሰፈር ነው መቼም፣ ለደስታም ድምፅ አይነሳም ማለት ነው ብዬ ኬኩን ቀመስኩ።

ትርንጎ ስትገባ ዓይኗ ቀልቷል። እናቷ ትዝ ብላት ነው ብዬ ጀርባዋን ደባበስኳት። “አይዞሽ፣ ነገሩ አልቋል” አልኳት። “አዎ አባባ፣ አልቋል” አለች። “ለአንቺ ብዬ ነው” አልኳት። እሺ ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። ሙሽራ መሆን ያስለቅሳል፣ እናቷም እንዲሁ ነበረች።

ዓርብ፣ ግንቦት 9

ማንም አልመጣም። ልጅ ሰጥቼ ማንም አልመጣም!

ዳቦ ቤት ሄድኩ። ባለ ዳቦ ቤቱ ቀና ብሎ አላየኝም፣ ይቆረጥ ወይ ብሎ እንኳ አልጠየቀም። ካፒቴኑ ከአጥራቸው ማዶ እጅ ስነሳ ቤት ገቡ። ትርንጎ ምሳ አቀረበች፣ አነሳች፣ ሁለት ቃል አልተናገረችም።

ቀስ በቀስ ገባኝ፣ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ቀርበው ሲያዩኝ አልጣምኳቸውም። ጫማዬ ይሆን፣ መልኬ ይሆን፣ ማልቀሴ ይሆን? ለምነው፣ ተሰጥቷቸው፣ ጥለው ሄዱ። ተናደድኩ። ልጠይቃት ስል ደግሞ ፊቷን አየሁና ቁስሏን ልነካካ አልኩና ተውኩት። እሷም አልጠየቀችኝ። ዘራችን ነው፣ ሲከፋን አፋችን ይቆለፋል።

እራት ላይ ብቻ “ነገ የዕረፍት ቀኔ ነው፣ ስታቭሮስ ጋ የምመልሰው ዕቃ አለ” አለች። የቀለበት ማስቀመጫ የሆነች ትንሽ ካርቶን ነበረች እጇ ላይ፤ ለካ ቀለበት ሰጥቷት ኖሯል። መልሺለት አልኩ በኩራት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 10

በደስታም በኀፍረትም ነው የምጽፈው። በተራው ልጻፈው።

ትርንጎ ከምሳ በኋላ ወጣች። እኔና ወይዘሮ እሌኒ በረንዳ ላይ ቀረን። ነፋስ ነገር መጣና ይበርዳቸዋል ብዬ ጋቢዬን አሳየኋቸው፦ ላልብስዎ? ቅንድባቸውን አንስተው “ጽ” አሉ። አዎ አሉ ብዬ ደረብኩላቸው። ወረወሩት። አንስቼ እንደገና አሳየኋቸው። ቅንድባቸውን አነሱ፣ ጭንቅላታቸውንም ወደ ላይ ብድግ አደረጉ። ደረብኩ። ወረወሩ። አሁንስ አበዙት ብዬ ሦስተኛ ስደርብ በከዘራቸው ጉልበቴን አሉኝ፤ ደግሞ ቅንድባቸውን እያነሱ፣ “ኦሂ! ኦሂ!” እያሉ።

ኦሂን አውቃታለሁ። እምቢ ማለት ናት። ትርንጎ ነግራኛለች።

ጋቢውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ቅንድብ ተነስቶ እምቢ? ዳቦው። ጭልፋው። ቡናው። ከዚያ ሐሙስ። ሐሙስ! ሦስት ሰው ከራቫት አስሮ ልጅህን ስጠን ብሎ ሲቆም፣ ቅንድቤን እስከ ግንባሬ አንስቼ፣ ያውም ሁለት ጊዜ፣ ያውም በጭንቅላቴ! በላዩ ደግሞ ለልጄ “ነገሩ አልቋል፣ ለአንቺ ብዬ ነው”! ወይኔ ሰውዬው! በገዛ ቅንድቤ የልጄን ቤት ዘጋሁት።

እሷ ደግሞ ቀለበቱን ልትመልስ ወጥታለች።

ልሮጥ ስል ወይዘሮ እሌኒን ለማን ጥዬ? ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ አስቀመጥኳቸውና ቁልቁለቱን ይዤያቸው ወረድኩ። የዝምታ ሰዓት ነው። ጎማው ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ውሾች አጥር ለአጥር ይከተሉናል፣ መስኮት ይከፈታል። ወይዘሮዋ በመጀመሪያ ጮሁ፣ ኋላ ይስቁ ጀመር፣ ከዘራቸውን ወደፊት ዘርግተው ቶሎ ቶሎ ይሉኛል። ካፒቴኑ በፒጃማ ወጥተው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ዛሬስ ይቅርታዎን አልኳቸው በአማርኛ፣ ሳልቆም።

ያኒስና መስቀሌ ከሎሚው ዛፍ ሥር፣ ቡናው አጠገብ ቆመዋል። ትንሿ ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ናት። ትርንጎ የለችም። ሄዳለች ማለት ነው አልኩ። መስቀሌ አየኝና ፊቱን አዞረ፤ ያኒስ ሊቀበለኝ ሲመጣ ፊቱ የለቅሶ ቤት ፊት ነበር።

ትንፋሼ ተቆርጧል፣ ቋንቋ የለኝም፣ ቅንድቤ ደግሞ ልማዱ ነውና እየተነሳብኝ ነው። በግራ እጄ ሁለቱንም ቅንድቤን ጭምድድ አድርጌ ወደ ታች ያዝኳቸው። በቀኝ እጄ መስቀሌን ጠቆምኩ፣ ትንሿን ካርቶን ጠቆምኩ። ከዚያ ያቺን ቃል በጉሮሮዬ ሙሉ ጮህኳት፦

“ነይ! ነይ! ነይ!”

ያኒስ አፉን ከፈተ። ወይዘሮ እሌኒ ነገሩ ከኔ ቀድሞ የገባቸው ይመስል በከዘራቸው መሬቱን እየደበደቡ “ነይ! ነይ!” ብለው ተቀበሉኝ።

ያን ጊዜ ከችግኙ መስታወት ቤት ኋላ ትርንጎ ብቅ አለች፣ የውኃ ማጠጫ ይዛ። ልትሰናበተው መጥታ አልሄድ ብሏት ችግኝ ታጠጣ ኖሯል። ልጅ ሳለች መደቦቹ መሃል ስትጠፋብኝ በዚሁ ድምፅ ነበር የምጠራት፣ ነይ ብዬ፣ እሷም እግሯ ጭቃ ሆኖ ትመጣ ነበር። ማጠጫውን ጥላ መጣች። ጫማዋ ጭቃ ነበር።

“አባባ፣ እኔን ነው የጠራኸኝ?”

ቅንድቤን እንደያዝኩ አለቀስኩ። እሷ እጄን ከግንባሬ ላይ አነሳች፣ አየችኝ፣ ቅንድቤ ወደ ላይ ተነሳ፣ እህ አልኩ። ያኔ ነው የገባት። “ውይ አባባ! ውይ ቅንድብህ!” ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ትስቅ ይሁን ታልቅስ አላወቅኩም። እያቋረጠች በግሪክኛ ነገረቻቸው። መስቀሌ ራሱን ይዞ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፣ ከዚያ መጥቶ እጄን ሳመ። ያኒስ አቅፎ ከመሬት አነሳኝ። እኔን ያህል ሰው!

ለምን አልጠየቅሽኝም አልኳት። “እምቢ አለ ብለው ነገሩኝ፣ በምን እንዳልክ አልጠየቅኩም። በግሪክኛ ሰማሁት፣ በግሪክኛ ገባኝ” አለችኝ። እሷም መጀመሪያ እዚህ አገር እንደመጣች እየራባት፣ ቅንድቧን ስታነሳ ምግብ የሚያነሱባት ዘመን ነበር አለች፤ ተረስቷት ነበር።

እሑድ፣ ግንቦት 11

ባለ ዳቦ ቤቱ ከሱቁ ወጥቶ አቀፈኝ። ይቆረጥ ወይ አለኝ። ቅንድቤን በጣቴ ተጭኜ ነይ አልኩት። እስከ ዛሬ ዳቦ እንዲህ ስስ ተቆርጦ አላየሁም።

ከቅዳሴ በኋላ በወይዘሮ እሌኒ በረንዳ ላይ ልጆቹን መረቅኳቸው። በአማርኛ መረቅኩ፣ ረዘም አድርጌ፤ ያኒስ በየመሃሉ “አሚን” አለ፣ ያቺ እንኳ አንድ ናት። ካፒቴኑ ስለ ቅዳሜው ጩኸት ይቅር ብለውኛል። ትርንጎ ቀለበቱን አድርጋለች። ሠርጉ መስከረም ነው። ቡናው አዲስ ቅጠል ገና አላወጣም፣ ቢጫው ግን አልባሰም፣ ይተርፋል ባይ ነኝ።

ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ። ትርንጎ ማታ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ ደስ ብሎሃል ወይ አለችኝ። ቅንድቤን አነሳሁ። አየችና ትከሻዬ ላይ ጋደም አለች። አዎ ማለቱ እንደሆነ በዚህ ሰፈር ሳይነገራት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ልጅ ስትወልድ፣ እያደገ ወደኔ እየሮጠ መጥቶ አያቴ ትወደኛለህ ወይ ሲለኝ፣ ይህች የተረገመች ቅንድብ ቀድማኝ ብትነሳስ? አስተምሪው አልኳት። አስተምረዋለሁ አለች፣ በአፏ።